ቬኒስን ለመጎብኘት የሚያቅዱ ጥንዶች አስቀድመው ሊያውቋቸው የሚገቡ ጉዳዮች

በሰሜን ምሥራቅ ኢጣሊያ፣ በአድሪያቲክ ባሕር ዳርቻ በሚገኝ ጥልቀት የሌለው ውኃ ላይ የታነጸችው ቬኒስ በመላው ዓለም አዲስ ተጋቢዎችና ጥንዶች በብዛት ከሚመርጧቸው ከተሞች አንዷ ናት። ከ100 በላይ በሆኑ ትናንሽ ደሴቶች ላይ የተመሠረተችው ይህች ከተማ ከ400 በላይ ድልድዮች አሏት። በታሪካዊ ክፍሏ ውስጥ መኪና አይገባም፤ አምቡላንሱም፣ ቆሻሻ ሰብሳቢውም፣ የግንባታ ዕቃ አመላላሹም ጀልባ ነው። ከተማዋና በዙሪያዋ ያለው የውኃ አካል እ.ኤ.አ. በ1987 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል።

ይህ ሁሉ ዝና ግን ለከተማዋ በጎ ብቻ አልሆነላትም። እ.ኤ.አ. በ1951 በታሪካዊው ክፍል 175 ሺህ ያህል ሕዝብ ይኖር የነበረ ሲሆን፣ ይህ ቁጥር እ.ኤ.አ. በ2022 ከ50 ሺህ በታች ወርዷል። የመኖሪያ ቤቶች ወደ እንግዳ ማረፊያነት፣ የአትክልትና የሥጋ መሸጫ ሱቆች ወደ መታሰቢያ ዕቃ መሸጫነት እየተለወጡ መምጣታቸው ነዋሪውን ወደ የብስ ገፍቶታል። በመሆኑም የከተማዋ አስተዳደርና የኢጣሊያ መንግሥት በጎብኚዎች ላይ ተከታታይ ደንቦችን ማውጣት ጀምረዋል። ከአሥር ዓመት በፊት በተጻፈ የጉዞ መመሪያ ተማምኖ የሚሄድ ሰው ዛሬ ያልጠበቀው ወጪና ቅጣት ሊገጥመው የሚችለውም በዚህ ምክንያት ነው።

ለኢትዮጵያዊ መንገደኛ የመጀመሪያው ጉዳይ ቪዛ ነው። ኢጣሊያ የሸንገን ስምምነት አባል በመሆኗ ማመልከቻው በዚሁ ሥርዓት ይስተናገዳል። የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 በኢትዮጵያ ፓስፖርት በሚያመለክቱ ሰዎች ላይ ጥብቅ ውሳኔ አሳልፏል። በውሳኔው መሠረት መደበኛው የማመልከቻ መመርመሪያ ጊዜ ከ15 ወደ 45 ቀናት ከፍ ብሏል፤ ብዙ ጊዜ መግባት የሚያስችል ቪዛ መስጠት ቀርቷል፤ ከማስረጃዎች አንዳንዶቹን በማለፍ ማስተናገድም አይፈቀድም። የዲፕሎማቲክና የሰርቪስ ፓስፖርት ያላቸው አመልካቾችም ከቪዛ ክፍያ ነፃ የመሆን ዕድላቸውን አጥተዋል። ኅብረቱ ለውሳኔው የሰጠው ምክንያት ዜጎችን ወደ አገራቸው በመመለስ ረገድ የሚፈልገውን ትብብር አላገኘሁም የሚል ነው።

ይህ ውሳኔ በዕቅድ ላይ የሚያስከትለው ለውጥ ቀላል አይደለም። ማመልከቻ ከጉዞው ቀን 6 ወር ቀደም ብሎ ማስገባት የሚቻል በመሆኑ፣ ጥንዶች ቢያንስ ከ3 ወር በፊት ቢጀምሩ ይመረጣል። ቪዛው የአንድ ጊዜ መግቢያ ብቻ በመሆኑም ከቬኒስ ተነሥቶ ለምሳሌ ወደ ብሪታንያ ደርሶ መመለስ የማይቻል ነው። የቪዛ ክፍያው እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2024 ጀምሮ ለአንድ አዋቂ 90 ዩሮ ሲሆን፣ ለባልና ሚስት 180 ዩሮ ይሆናል ማለት ነው፤ ማመልከቻው ውድቅ ቢደረግም ገንዘቡ አይመለስም። የጉዞ ሕክምና ዋስትናው ከ30 ሺህ ዩሮ ያላነሰ ሽፋን ሊኖረው ይገባል። ፓስፖርቱም ከሸንገን ክልል ከሚወጡበት ቀን በኋላ ቢያንስ ለ3 ወር የሚያገለግል መሆን አለበት።

በዚህ ረገድ ኢትዮጵያውያን ጥንዶችን የሚመለከት አንድ ልዩ ጉዳይ አለ። በአገራችን ልማድ ሚስት በባሏ ስም አትጠራም፤ እያንዳንዱ በአባቱና በአያቱ ስም ይጠራል። በመሆኑም የሁለቱን ፓስፖርት ጎን ለጎን የሚመለከት የውጭ አገር ሠራተኛ ዝምድናቸውን ከስማቸው ሊረዳ አይችልም። የጋብቻ ምስክር ወረቀትን ከትርጉሙ ጋር ማያያዝ፣ የሚያስፈልገው የሰነድ ማረጋገጫም የትኛው እንደሆነ አስቀድሞ መጠየቅ ተገቢ ነው። የመንግሥት ሠራተኛ የሆነ አመልካች ደግሞ የሥራ ማስረጃና የተፈቀደለትን የዓመት ዕረፍት የሚገልጽ ደብዳቤ ከመሥሪያ ቤቱ ማቅረብ ይኖርበታል። በደብዳቤው ላይ የተጻፉት ቀናት ከአውሮፕላን ቲኬቱና ከሆቴሉ ማስያዣ ጋር አንድ መሆናቸውን ማስተያየት ትንሽ ሥራ ቢመስልም ችላ የሚባል አይደለም። በተለይ ደብዳቤው በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ ቲኬቱ ደግሞ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በሚጻፍበት ጊዜ ስሕተት በቀላሉ ይፈጠራል።

የጉዞ ወቅት ምርጫ ቀጥሎ የሚመጣ ነው። በአገራችን ሠርግ የሚበዛው ከጥምቀት በኋላ ባሉት ሳምንታትና ከፋሲካ በኋላ ባለው ጊዜ ነው። በጥር መጨረሻ የሚሄዱ ሙሽሮች ቬኒስን ብርዳማና ጉም የለበሰች ሆና ያገኟታል፤ ሆኖም ጎብኚው የሚቀንስበት፣ የሆቴል ዋጋም በአንጻራዊነት የሚረክስበት ወቅት ይኸው ነው። ይህ ሁኔታ የሚዘልቀው ጭንብል የሚለበስበት የካርኒቫል በዓል እስኪጀመር ብቻ ነው። በዓሉ የምዕራባውያን ዐቢይ ጾም ከመግባቱ በፊት ባሉት ቀናት የሚከበር በመሆኑ ቀኑ በየዓመቱ ይለዋወጣል። በግንቦት የሚጓዙት ደግሞ ጥሩ አየር ያገኛሉ፤ በአንጻሩ ሰው ይበዛባቸዋል። ሰኔና ሐምሌ ሙቀቱም መጨናነቁም የሚከብድበት ጊዜ በመሆኑ አማራጭ ላለው ሰው የሚመከር አይደለም።

ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ከባሕሩ መሙላት ጋር በተያያዘ ከተማዋን ውኃ የሚያጥለቀልቅበት አጋጣሚ ነበር። እ.ኤ.አ. ኅዳር 4 ቀን 1966 ውኃው ከመለኪያው መነሻ 194 ሴንቲ ሜትር፣ እ.ኤ.አ. ኅዳር 12 ቀን 2019 ደግሞ 187 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ከባድ ጉዳት አድርሷል። ይህንን ለመከላከል ከባሕሩ ጋር በሚያገናኙት ሦስት መግቢያዎች ላይ 78 ተንቀሳቃሽ የብረት በሮች ተተክለዋል። በሮቹ በአዘቦት ቀን ውኃ ሞልቶባቸው በባሕሩ ወለል ላይ የሚተኙ ሲሆን፣ ማዕበል ሲጠበቅ በውስጣቸው አየር ተነፍቶ ውኃው ሲወጣ ተነሥተው ግድግዳ ይሠራሉ። ግንባታው እ.ኤ.አ. በ2003 ተጀምሮ፣ ከ5 ቢሊዮን ዩሮ በላይ ወጪ ጠይቆ፣ በመሐሉም እ.ኤ.አ. በ2014 በርካታ ባለሥልጣናትን ባሳሰረ የሙስና ምርመራ ተናውጦ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በተግባር ከተማዋን ከውኃ የተከላከለው እ.ኤ.አ. ጥቅምት 3 ቀን 2020 ነው። በሮቹ የሚነሡት በአብዛኛው ውኃው 110 ሴንቲ ሜትር እንደሚደርስ ሲተነበይ በመሆኑ፣ ከዚያ በታች ባለ ሙላት ዝቅተኛው የሳን ማርኮ አደባባይ ዛሬም ሊረጥብ ይችላል። በእነዚህ ወራት የሚጓዙ ጥንዶች ውኃ የማያስገባ ጫማ ቢይዙ አይቆጫቸውም።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ሚላንና ወደ ሮም ይበራል። ከሚላን ማዕከላዊ ባቡር ጣቢያ በፈጣን ባቡር ወደ ቬኒስ ለመድረስ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ከሮም ደግሞ አራት ሰዓት ያህል ይወስዳል። የባቡር ቲኬት ዋጋ ቀኑ እየቀረበ በሄደ መጠን ስለሚጨምር ቀደም ብሎ መግዛት ገንዘብ ያድናል። እዚህ ላይ ሊታወስ የሚገባው ቬኒስ በሚል ስም የሚጠሩ ሁለት ዋና ጣቢያዎች መኖራቸው ነው። ሜስትሬ የሚባለው በየብስ ላይ ያለው ዘመናዊ ከተማ ጣቢያ ሲሆን፣ ሳንታ ሉቺያ የሚባለው ግን እ.ኤ.አ. በ1846 በተከፈተው የባቡር ድልድይ ውኃውን ተሻግሮ በደሴቲቱ ላይ የሚገኝ ነው። ከሳንታ ሉቺያ በር የወጣ መንገደኛ ከፊት ለፊቱ የሚያየው መንገድ ሳይሆን ታላቁን ቦይ ነው።

ማረፊያን በሚመለከት በሜስትሬ ያሉ ሆቴሎች ዋጋቸው ዝቅ ያለ መሆኑ እውነት ነው። ይሁን እንጂ የየዕለቱ የመመላለሻ ወጪና ጊዜ ሲታሰብ ልዩነቱ ይጠባል። ከሁሉ በላይ ደግሞ የቀን ጎብኚው ከተመለሰ በኋላ ያለችው ጸጥተኛ ቬኒስ ታመልጣለች። ለጥንዶች ጉዞው ትርጉም የሚኖረው በእነዚያ የምሽትና የማለዳ ሰዓታት በመሆኑ፣ የቆይታውን ቀን ቀንሶ በደሴቲቱ ላይ ማደር የተሻለ አማራጭ ነው። ካናሬጆና ካስቴሎ የሚባሉት ሰፈሮች ከሳን ማርኮ አካባቢ ይልቅ ነዋሪ የሚታይባቸውና ለኪስ የሚቀሉ ናቸው። ሆቴል ሲያዝ ግን የቤት ቁጥር ብቻ ይዞ መሄድ አያዋጣም። ከተማዋ በስድስት ክፍሎች የተከፈለች ሲሆን፣ የቤት ቁጥሮች የሚቆጠሩት በየጎዳናው ሳይሆን በጠቅላላው የከተማ ክፍል ነው። በዚህም ምክንያት ቁጥሩ በሺህዎች የሚደርስ ሲሆን፣ ተከታታይ ቁጥር ያላቸው ቤቶች በተለያየ መተላለፊያ ላይ ሊገኙ ይችላሉ። ስለዚህ በአቅራቢያ ያለውን የጀልባ ማቆሚያ ስምና የሚሻገሩትን የድልድይ ብዛት ከሆቴሉ መጠየቅ ያስፈልጋል። ድልድዮቹ በአብዛኛው ደረጃ ያላቸው በመሆናቸው ከባድ ሻንጣ ይዞ መሄድ ድካም ነው።

የከተማዋ የሕዝብ ማመላለሻ ቫፖሬቶ የሚባለው ጀልባ ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 ለጎብኚ የአንድ ጉዞ ቲኬት 9 ነጥብ 50 ዩሮ ሲሆን ለ75 ደቂቃ ያገለግላል፤ ለ72 ሰዓት የሚያገለግለው ደግሞ 45 ዩሮ ነበር። በሦስት ቀን ውስጥ አምስት ጊዜ የሚሳፈር ሰው ነጠላ ቲኬት ቢገዛ ከዚህ በላይ ያወጣል። በታላቁ ቦይ ላይ ቀስ እያለ የሚጓዘው መስመር ቁጥር 1 ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1591 የተጠናቀቀውን የሪያልቶ ድልድይ ጨምሮ ጥንታውያን ቤተ መንግሥቶችን ከጀልባው ሳይወርዱ ለማየት ያስችላል።

ጎንዶላን በተመለከተ ብዙ ጥንዶች የሚሳሳቱት በዋጋው ነው። እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2023 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው ታሪፍ በቀን ለ30 ደቂቃ 90 ዩሮ፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ደግሞ ለ35 ደቂቃ 110 ዩሮ ይከፈላል። ዋጋው የሚሰላው በሰው ሳይሆን በጀልባ ሲሆን፣ እስከ አምስት ሰው መሳፈር ይችላል። ዘፋኝ ወይም ሙዚቃ የሚፈልግ ለብቻው ይከፍላል። የሁለት ሰዎች የሦስት ቀን የጀልባ ቲኬት ከአንድ የግማሽ ሰዓት ጎንዶላ ጋር እኩል መሆኑን ያስተዋለ ባለትዳር ምርጫውን ከትዳር ጓደኛው ጋር መክሮ ቢወስን ይሻለዋል። ጎንዶላን መቅመስ ብቻ ለሚፈልግ ሰው ደግሞ ታላቁን ቦይ በጥቂት ደቂቃ የሚያሻግረው ትራጌቶ የሚባለው ጀልባ በ2 ዩሮ ገደማ ይገኛል።

ከሚጎበኙ ስፍራዎች ሁሉ ለኢትዮጵያውያን ቅርበት ያለው የሳን ማርኮ አካባቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ828 የቬኒስ ነጋዴዎች የወንጌላዊው ቅዱስ ማርቆስን ዐፅም ከእስክንድርያ ይዘው እንደመጡ የከተማዋ ታሪክ ይናገራል። ፈታሾች እንዳይነኩት በአሳማ ሥጋ ሥር ደብቀውታል የሚለው ትውፊት በቤተ ክርስቲያኑ ሞዛይክ ላይ ተሥሎ ይታያል። ከዐፅሙ ከፊሉ እ.ኤ.አ. በ1968 ለግብፅ ቤተ ክርስቲያን የተመለሰ ሲሆን፣ በካይሮ በተከናወነው የአዲሱ ካቴድራል ምረቃ ላይ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተገኝተው ነበር። ወደ ባዚሊካው ሲገባ ትከሻና ጉልበት መሸፈን ግዴታ ነው፤ ነጠላ የያዘች እመቤት በዚህ አትቸገርም።

የሁለቱ አገሮች ግንኙነት ከዚህም የሚያልፍ ነው። የዐፄ ዳዊት መልእክተኞች እ.ኤ.አ. በ1402 ነብሮችን ጨምሮ ስጦታ ይዘው ቬኒስ ደርሰዋል። በ15ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ፍራ ማውሮ የተባለው መነኩሴ በዚያው ከተማ ባዘጋጀው የዓለም ካርታ ላይ ኢትዮጵያን በስፋት አስፍሯል፤ መረጃውንም ያገኘው ከአገሩ ተወላጅ መነኮሳት መሆኑን በካርታው ላይ ጽፏል። ካርታው የማርቺያና ቤተ መጻሕፍት ንብረት ነው። የመሳፍንቱን ቤተ መንግሥት ለመጎብኘት የሚገዛው ቲኬት በአደባባዩ ዙሪያ ያሉትን ቤተ መዘክሮችና የቤተ መጻሕፍቱን ታሪካዊ አዳራሾችም የሚያካትት በመሆኑ፣ ካርታው በዕለቱ ለዕይታ መቅረቡን ጠይቆ መግባት ነው።

ወደ ደንቦቹ ስንመለስ፣ ቬኒስ እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 25 ቀን 2024 ጀምሮ በተመረጡ ቀናት ሳያድሩ በሚመለሱ ጎብኚዎች ላይ የመግቢያ ክፍያ ጥላለች። በመጀመሪያው ዓመት ለ29 ቀናት 5 ዩሮ የተጠየቀ ሲሆን፣ ከ2 ነጥብ 4 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ተሰብስቧል። እ.ኤ.አ. በ2025 ቀናቱ ወደ 54 ከፍ ብለው፣ ዘግይቶ ለሚመዘገብ ሰው ክፍያው 10 ዩሮ ሆኗል። ክፍያው የሚመለከተው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል እስከ ከቀኑ 10 ሰዓት ወደ ከተማዋ የሚገቡትን ነው። ተቺዎች ክፍያው የሰውን ብዛት አልቀነሰም ይላሉ፤ ለዚህ ክርክር ማስረጃ አላጡም።

በከተማዋ የሚያድሩ ጥንዶች ይህንን ክፍያ አይከፍሉም፤ ነገር ግን በኢንተርኔት ተመዝግበው የነፃነት ማረጋገጫ መያዝ ይጠበቅባቸዋል። በምትኩ በሆቴሉ ደረጃ የሚለያይ የአዳር ግብር በነፍስ ወከፍ እስከ አምስት ሌሊት ይከፍላሉ። ይህ ግብር ብዙ ጊዜ በማስያዣው ዋጋ ውስጥ ስለማይካተት ሲወጡ ለብቻው ይጠየቃል። በቅርሶች ደረጃ ላይ ተቀምጦ መመገብ፣ በቦዮቹ ውስጥ መዋኘት፣ ለርግቦች ጥሬ መበተን ክልክል ሲሆን ቅጣቱ እስከ 500 ዩሮ ይደርሳል። በሳን ማርኮ አደባባይ ካፌዎች ተቀምጦ ሙዚቃ እየሰሙ ቡና መጠጣት ተጨማሪ ክፍያ የሚያስከትል በመሆኑ የዋጋ ዝርዝሩን አስቀድሞ ማየት አይነቅፍም፤ ከአደባባዩ ወጣ ብሎ ቆሞ የሚጠጣ ሰው ያንኑ ቡና በጥቂት ዩሮ ያገኛል።

የባቡርና የጀልባ መነሻ ሰዓቶች በ24 ሰዓት አቆጣጠር የሚጻፉ በመሆናቸው፣ በተለይ በመመለሻው ቀን ከአገራችን የሰዓት አቆጣጠር ጋር እንዳይምታቱ ሁለቱም ባለትዳሮች በየበኩላቸው ጽፈው ቢይዙ ይመረጣል። ቪዛው የሚያበቃበት ቀንም በዚያው ወረቀት ላይ ቢሰፍር መልካም ነው።