ጃጓሯ፣ የጣና ዳር ልጆችና የፍጥነት ነገር

ባሕር ዳር ውስጥ ስፖርት መኪና ማየት ብርቅ ነው። ዘምባባ በተሰለፈባቸው ጎዳናዎች የሚርመሰመሰው ባጃጁ፣ ብስክሌቱና ሚኒባሱ ነው። ይሁንና በቤትዎ አሥራ ሁለት ዓመት የሞላው ልጅ ካለ ጠጋ ብለው ይጠይቁት። የጃጓሩን፣ የፖርሼውን፣ የፌራሪውን ስም ከነፈረስ ጉልበቱ ይደረድርልዎታል። መኪኖቹን በዓይኑ አላያቸውም፤ ሁሉንም ያገኘው ከስልክ ነው።

ብዙ ወላጅ ይህን ሲሰማ «ይልቅ ደብተርህን አንብብ» ብሎ ያልፋል። አያቶችም ፈገግ ብለው ዝም ይላሉ። ነገር ግን የልጁ ወሬ ሁለት ቁም ነገር ይዟል። አንደኛው ነገ ወደ ሙያ ሊያድግ የሚችል ፍቅር ነው። ሁለተኛው የፍጥነት ፍቅር ነው፤ ይኸኛው በጊዜ ካልተነጋገሩበት ሕይወት ያስከፍላል። ከልጅ ጋር ለመነጋገር ደግሞ ልጁ የሚያወራውን ነገር ጥቂት ማወቅ ይጠይቃል። ለዚህም ነው ዛሬ በመኪና ወዳጆች ዘንድ ብዙ ያከራከረችውን አንዲት የእንግሊዝ ስፖርት መኪና፣ ጃጓር ኤፍ ታይፕን፣ ለወላጆችና ለአያቶች ልናስተዋውቅ የወደድነው።

መኪና መተቸት ለእኛ አዲስ አይደለም

የእንግሊዝ መኪናና የኢትዮጵያ ትውውቅ ረጅም ዕድሜ አለው። በ1900 ዓ.ም. ቤድ ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ሲድሌይ የተባለች መኪና ከባሕር ጠረፍ አስነስቶ፣ የመኪና መንገድ ባልነበረበት በረሃና ተራራ አቋርጦ አዲስ አበባ ለዳግማዊ ምኒልክ አድርሷል። ከዚያ ወዲህም የገጠሩን መንገድ ያለማመደችን ላንድሮቨር የዚያው አገር ልጅ ናት። አያቶች ይህን ታሪክ ከልጅ ልጆቻቸው የበለጠ ያውቁታል።

ሕዝቡም መኪናን ዝም ብሎ አልተቀበለም። መልኳን አይቶ ስም አወጣላት። አፍንጫዋ ሾጠጥ ያለችውን ሚኒባስ «ዶልፊን» አላት። ተሳፋሪው ፊት ለፊት እየተያየ የሚቀመጥባትን «ውይይት» አላት። ላንድክሩዘሯን «ኮብራ» አላት። ስም ማውጣት ማለት ቅርጿን መዝኖ ፍርድ መስጠት ነው። በጋራዥ ውስጥም ኮፈን፣ ፍሬን፣ ማርሚታ፣ ካምቢዮ እያልን የምንጠቀምባቸው ቃላት ከጣሊያንኛ መጥተው የራሳችን ሆነዋል። እንግዲህ ልጆቹ ስለ ጃጓር መልክ ሲከራከሩ ቢሰሙ አይደነቁ፤ የወረሱት ነገር ነው።

መልኳ፦ ያስማማችውና ያጣላችው

ኤፍ ታይፕ መጀመሪያ የወጣችው ጣራዋ ተከፋች ሆና እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። በማግስቱ ዓመት የዓለም ምርጥ የመኪና ዲዛይን ሽልማትን ወሰደች። ኩፔ የሚባለው፣ ባለ ሁለት በርና ጣራዋ የማይከፈተው ዓይነት እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ ይፋ ሆነ። ብዙዎቹ ወዳጆቿ «እውነተኛዋ ይህቺ ናት» የሚሉት ስለ ኩፔዋ ነው።

ምክንያታቸውን ሲያስረዱ ከኮፈኑ ይጀምራሉ። ኮፈኗ ረጅም ነው፤ የሾፌሩ ወንበር ወደ ኋላ ሸሽቷል፤ ጣራዋ ከፓራብሬዛው ተነሥቶ እስከ ኋላ መብራቶቿ ድረስ ሳይቆራረጥ ይወርዳል። ቁመቷ 1.3 ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ አዋቂ ሰው አጠገቧ ቢቆም ጣራዋ ደረቱ ላይ ይደርሳል። የበሩ እጀታ እንኳን ሥራ ሲፈታ ከቆርቆሮው ጋር ተስተካክሎ ይደበቃል። ከኋላ ያሉት ቀጫጭን መብራቶቿ ደግሞ የዕድሜ ባለጸጋዋን ኢ ታይፕን ያስታውሳሉ። ኢ ታይፕ እ.ኤ.አ. በ1961 ጄኔቫ ላይ የታየች፣ ከውበቷ የተነሣ ኒው ዮርክ የሚገኘው የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ1996 ከስብስቡ ውስጥ ያስገባት መኪና ናት።

ክርክሩ የሚጦፈውም እዚህ ላይ ነው። አንዳንዶቹ «ልጅ እናቷን መምሰሏ ያኮራል» ይላሉ። ሌሎቹ «ኢ ታይፕን የሚተካ የለም፤ ኤፍ ታይፕ ቆንጆ ብትሆንም የእናቷን ያህል አላስደነገጠችንም» ባዮች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2019 መጨረሻ ላይ ኩባንያው የፊት መብራቶቿን ቀይሮ ቀጭንና አግድም ሲያደርጋቸው ወዳጆቿ እንደገና ለሁለት ተከፈሉ። ግማሹ «አሁን ገና ዘመናዊ ሆነች» አለ፤ ግማሹ «የቀድሞዎቹ ወደ ላይ የተሳቡ ዓይኖቿ ነበሩ መለያዋ፤ አሁን ሌሎችን መሰለች» ብሎ አዘነ።

ጉልበቷ፦ የሚያስመሰግናትና የሚያስወቅሳት

እዚህ አገር «ቪ ኤይት» ሲባል ወደ አእምሯችን የሚመጣው ትልቁ ላንድክሩዘር ነው። ቪ ኤይት ግን የመኪና ስም ሳይሆን የሞተር ዓይነት ነው። ስምንት ሲሊንደሮች አራት አራት ሆነው በሁለት ረድፍ፣ ከታች ተገናኝተው ከላይ ተከፍተው የቆሙበት ሞተር ነው። ከኤፍ ታይፕ ዓይነቶች ጉልበተኞቹ ይህን ሞተር ይዘዋል። መጠኑ 5 ሊትር ነው፤ ላዩ ላይ አየር እየጨመቀ የሚያጎርሰው መሣሪያ ተጨምሮበታል። «አር» የተባለችው ኩፔ ስትወጣ 550 የፈረስ ጉልበት ነበራት። ከቆመችበት ተነሥታ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ላይ ለመድረስ 4 ሰከንድ ገደማ ይበቃታል። ጣሪያ ፍጥነቷም 300 ኪሎ ሜትር ነው።

ወዳጆቿ ከሁሉም በላይ የሚያነሡት ግን ድምፅዋን ነው። ሾፌሩ ቁልፍ ሲጫን የማርሚታዋ ድምፅ ይጎላል፤ እግሩን ከቤንዚን መስጫው ላይ ሲያነሣ ደግሞ እንደ ርችት ትንጣጣለች። ለዚህም ነው እ.ኤ.አ. በ2017 አነስተኛው ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር ሲገባላት አንዳንዶች «ቅሌን መልሱልኝ» ያሉት። ሌሎች ግን ያቺኛዋን አመስግነዋል፤ ከፊት ያለው ክብደት ስለቀነሰ መሪዋ ላይ ቀለል ትላለች።

ወቀሳም አይቀርላትም። አካሏ አሉሚኒየም ሆኖ ሳለ ክብደቷ ከ1,500 ኪሎ በላይ መሆኑ የሚከነክናቸው አሉ። የፖርሼ ወዳጆች «ጥምዝምዝ መንገድ ላይ የእኛዋ ትበልጣለች» ይላሉ። በዚያ ላይ ፖርሼ 911 ትንሽም ብትሆን የኋላ ወንበር አላት፤ ኤፍ ታይፕ ግን ሁለት ሰው ብቻ ነው የምትይዘው።

ጣና ዳር ብትመጣስ?

የእኛ ቤተሰብ ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው እዚሁ ሁለት ወንበር ላይ ነው። አባትና እናት ከተቀመጡ ልጆቹ የት ይሄዳሉ? አያትስ? ከገበያ የመጣው ዶሮ፣ ከገጠር የተላከው ጤፍስ? ለሠርግ ትሁን ቢባል እንኳ ሙሽሮቹ ራሳቸው መንዳት ሊኖርባቸው ነው፤ ሚዜውም በባጃጅ ይከተላል።

ለመንገዱም አትመችም። ሆዷ ለመሬት የቀረበ ስለሆነ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ሁሉ ፈተና ይሆንባታል። አየሩም ይጎዳት ነበር። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻ ይልቅ ሳሳ ስለሚል ተራ ሞተር ከጉልበቱ ወደ አንድ አምስተኛ የሚጠጋውን ያጣል። የኤፍ ታይፕ ሞተር አየር እየጨመቀ ስለሚያስገባ ጉዳቱ ቀለል ይልለታል እንጂ ፈጽሞ አያመልጥም። ይህን ለልጅዎ ቢያጫውቱት ፊዚክስን በደስታ ይማርበታል።

በሕጉም በኩል በሩ ተዘግቷል። ከጥር 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን መንግሥት አስታውቋል፤ የተፈቀደው ኤሌክትሪኩ ነው። ኤፍ ታይፕም ብትሆን ማምረቷ እ.ኤ.አ. በ2024 አብቅቷል። ጃጓር ራሱ ወደ ኤሌክትሪክ ብቻ ዞሯል፤ የመጪውን መኪናውን ናሙና እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2024 ሲያሳይ የመኪናው ዓለም በክርክር ታምሷል። ሌላም ልጆችን የሚያስገርም ነገር አለ፦ ጃጓር ስሙ የእንግሊዝ ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ባለቤቱ ታታ የተባለው የሕንድ ኩባንያ ነው። በባሕር ዳር ጎዳና የሚርመሰመሰውም ባጃጅ ስሙን ያገኘው ከሌላ የሕንድ ኩባንያ ነው።

ነገ የጣና ዳር ልጅ የሚነዳው መኪና ማርሚታ ላይኖረው ይችላል። ከጣና ተነሥቶ በዋሻ የሚወርደው ውኃ በለስ ላይ 460 ሜጋ ዋት ኃይል ማመንጨት የሚችል ጣቢያ ያንቀሳቅሳል። ይህን የሚሰማ ልጅ መኪናና ሐይቁ ምን እንደሚያገናኛቸው ይገባዋል።

ልጁን ምን እንበለው?

ይህን መኪና የሣለው ሰው ታሪክ ለወላጅ ጥሩ ትምህርት አለው። ኢያን ካለም ይባላል፤ የስኮትላንድ ተወላጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1968፣ ገና የትምህርት ቤት ልጅ ሳለ፣ የሣለውን የመኪና ሥዕል «ሥራ ስጡኝ» ብሎ ለጃጓር ኩባንያ ላከ። ሥራውን በዚያን ጊዜ አላገኘም። ትምህርቱን ተማረ፣ በሌሎች ኩባንያዎች ሠራ፤ እ.ኤ.አ. በ1999 የዚያው የጃጓር የዲዛይን ኃላፊ ሆነ። ልጅዎ ደብተሩ ጀርባ ላይ መኪና ሲሥል ቢያገኙት ከመቆጣትዎ በፊት ይህን ያስቡ። የተለየ ደብተር ይግዙለት። «ለምን ጣራውን እንዲህ አደረግኸው?» ብለው ይጠይቁት። ለዚህ ዓይነት ልጅ ባሕር ዳር ሩቅ አይደለችም፤ እ.ኤ.አ. በ1963 በሶቪየት ኅብረት ትብብር የተከፈተው ፖሊ ቴክኒክ ዛሬ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ አካል ሆኖ መሐንዲሶችን ያወጣል። የሴት ልጅ ጥያቄም እኩል ይደመጥ፤ ሞተር ወንድና ሴት አይለይም።

ፍጥነትን በተመለከተ ግን ማሞካሸት የለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 29 ዓመት የሆኑ ልጆችንና ወጣቶችን በመግደል ቀዳሚው ምክንያት የመንገድ አደጋ ነው። በስልክ ጨዋታ ውስጥ የተጋጨ መኪና በአንድ ንክኪ እንደገና ይነሣል። በየመንገዳችን የሚያቋርጠው ተማሪ፣ ብስክሌት የሚነዳው ሠራተኛ፣ ባጃጅ ውስጥ ያለችው ነፍሰ ጡር ግን አይነሡም። ልጁ ነገ የሚይዘው ኤፍ ታይፕ ላይሆን ይችላል፤ የጓደኛ ሞተር ሳይክል ወይም የተከራየው ባጃጅ ይሆናል። የፍጥነት ሱስ ግን ያው ነው።

«አትሂድበት» ከማለት ይልቅ ማስላት ይሻላል። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 28 ሜትር ገደማ ይምዘገዘጋል። በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ 380 ሜትር ርዝመት አለው፤ ጃጓሯ በጣሪያ ፍጥነቷ ብትሄድ በአምስት ሰከንድ ሳይሞላ ጨርሳው ትወጣለች። ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር ደግሞ የግጭቱ ጉልበት በእጥፍ አይደለም የሚጨምረው፤ አራት እጥፍ ይሆናል። በ30 የሚሄድ መኪና የሚያቆስለውን፣ በ60 የሚሄድ ሊገድለው የሚችለው ለዚህ ነው።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ዳር ሲወጡ ልጁን ይዘው ይሂዱ። አያትም አብረው ይሁኑ። መኪና በማይገባበት የእግረኛ መንገድ ላይ ልጁ 28 ሜትር በእርምጃው ይለካ፤ ትላልቅ እርምጃ ቢሆን 28 ያህል ነው። መነሻውና መድረሻው ላይ ድንጋይ ያስቀምጥ። ከዚያ አያት መነሻው ላይ ይቁሙና «አንድ» ይበሉ። ያን ቃል ብለው እስኪጨርሱ ድረስ መኪናው ከሌላው ድንጋይ ዘንድ ደርሷል፤ ሾፌሩም ገና እግሩን ወደ ፍሬኑ አላነሣም። ልጁ ይህን በእግሩ ለክቶ ካየ በኋላ ስለ ጃጓር መልክ የፈለገውን ያህል ይከራከር።