ከመስታወቱ ጀርባ ያሉት ደጋፊዎች

ስታዲየም ገብታችሁ ታውቃላችሁ አይደል? ጎል ሲገባ የሚፈነዳው ጩኸት፣ ከበሮው፣ ጥሩንባው፣ የማታውቁት ሰው አንገታችሁ ላይ ሲጠመጠም! ለኛ ኳስ ማለት ይኸው ነው። ጩኸት የሌለበት ጨዋታ ጨው እንደሌለው ወጥ ነው።

ይሄው ጩኸት ግን አንዳንዱን ልጅ ከሜዳ ያባርረዋል። ነገሩ እንዲገባን ወደ ሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ፣ ወደ ሰንደርላንድ ከተማ እንሂድ።

እዚያ ሦስት ወንዶች ልጆች ያሉት አንድ ቤተሰብ አለ። ሦስቱም ኦቲዝም አለባቸው። ከልጆቹ አንዱ ሰንደርላንድን ለማየት ስታዲየም ኦፍ ላይት ገባ። ይሁን እንጂ 49 ሺህ ያህል ሰው የሚይዘው ስታዲየም ጫጫታ ከአቅሙ በላይ ሆነበት።

ለምን? ኦቲዝም ያለባቸው ብዙ ልጆች ድምፅና ብርሃንን እንደኛ አጣርተው አይቀበሉም። እኛ ከጎናችን ካለው ጓደኛችን ጋር ስናወራ ጥሩንባውን እንረሳዋለን። እነሱ ላይ ግን ሁሉም ድምፅ እኩል ይጮህባቸዋል። ሲበዛባቸው ጆሯቸውን ይይዛሉ፣ ይጮኻሉ፣ መሬት ላይ ይወድቃሉ። ይሄ ብልግና ወይም የአስተዳደግ ጉድለት አይደለም።

ወላጆቹ ታዲያ "ኳስ ለኛ አልተፈጠረም" ብለው እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። ጥያቄያቸውን ለክለቡ አቀረቡ፤ ክለቡም ሰማቸው። እ.ኤ.አ. በ2015 ሜዳውን በመስታወት የሚያሳይ፣ ጩኸቱን የሚቀንስ፣ ለስላሳ መብራትና የሚያረጋጉ መጫወቻዎች ያሉት ክፍል ተከፈተ። በፕሪሚየር ሊግ ስታዲየሞች የመጀመሪያው መሆኑ ነው። ስያሜውም በዚያው ልጅ ስም ሆነ።

ጥቁር ድመቶቹ በ2017 ከፕሪሚየር ሊጉ ወረዱ። ሐሳቡ ግን አልወረደም! በዚያው ዓመት አርሰናል በኤምሬትስ ተመሳሳይ ክፍል ከፈተ። በ2019 የተመረቀው አዲሱ የቶተንሃም ስታዲየምም ይሄንን አገልግሎት ይዞ ነው የመጣው። መድፈኞቹና ስፐርሶች የተስማሙበት ነገር ማግኘት ቀላል አይደለም፤ ይሄ አንዱ ነው።

"አንድ ክፍል ምን ይፈይዳል?" የሚል አይጠፋም። ጥቅሙ ለልጁ ብቻ ቢመስላችሁ ተሳስታችኋል። እንዲህ ያለ ልጅ ያለው ቤተሰብ ቀስ በቀስ ከሰው ይርቃል። ሰርግ ይቀራል፣ ለቅሶ ይቀራል፣ ኳስ ይቀራል። አባት ጨዋታ ላይ ሲሆን እናት እቤት ነች፤ እህትና ወንድምም ተራ ይጠብቃሉ። ክፍሉ ውስጥ ግን ሁሉም አብረው ይቀመጣሉ። ልጁ ቢጮህ ዞሮ የሚያፈጥበት የለም። ከጎን ያለው ወላጅም ያንኑ የኖረ ነው። ሁለት ወላጆች በእረፍት ሰዓት "ያንተ ልጅ እንቅልፍ ይተኛል?" ቢባባሉ እሱ ራሱ መድኃኒት ነው።

በኛም ከተማ ይሄ ጉዳይ እንግዳ አይደለም። ኦቲዝም ያለበት ልጅ እናት የነበሩት ወይዘሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ውስጥ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ሲከፍቱ፣ ብዙ ወላጅ ልጁን "እርግማን ነው" እየተባለ ከሰው ዓይን ይደብቅ ነበር። ልጆቹን ወደ ውጭ ማውጣት ያኔም ዛሬም ትልቁ ሥራ ነው።

የመስታወት ክፍል ገንዘብ ይጠይቃል፤ ይሄን ለክለቦችና ለስታዲየም ባለቤቶች እንተወው። የኛ የደጋፊዎች ድርሻ ግን ሳንቲም አያስወጣም። ኳስ በምናይበት ቤት ወይም ትሪቡን ላይ ጆሮውን ይዞ የሚያለቅስ ልጅ ስታዩ አታፍጥጡ። "ልጅህን አሳድግ!" አትበሉ። ጥግ ላይ ያለውን ወንበር ልቀቁላቸው፤ ጥሩንባውንም ትንሽ ዞር አድርጉት።

ያ አባት ልጁን አቅፎ ገና በ10ኛው ደቂቃ ከወጣ ዳግመኛ ላይመለስ ይችላል። 90ውን ደቂቃ ከጨረሰ ግን በሚቀጥለው ሳምንት ሁለቱም ማልያ ለብሰው ይመጣሉ።