ስለ ጽኑ ሕሙማን የሞት ሒሳብ

በላስታ ደጋ፣ በሙጃም ሆነ በዙሪያዋ ባለው አገር፣ የሰው ሕመም በጸና ጊዜ ዘመድ ወዳጅ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ይተርፍ ይሆን?» ብሎ ነው። ለዚህ መልስ የሚሻ ሰው ጥንት ወደ ደብተራ ሄዶ ዐውደ ነገሥት ያስገልጥ ነበር፤ ደብተራውም የሕሙሙንና የእናቱን ስም ፊደላት በቁጥር ለውጦ ከደመረ በኋላ፣ በ12 ገድፎ በተረፈው ኮከቡን ይነግረዋል። ቤተ ክርስቲያን ግን ይህን ነቅፋ ለሕሙማን ጸሎተ ቀንዲልን ሠርታለች። ዛሬ ያው ሕሙም ወደ ወልድያ፣ ቢብስበትም ወደ ደሴ ተልኮ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ቢገባ የሚጠብቀው ሌላ ሒሳብ ነው፤ ይህኛው ስም አይጠይቅም።

ከነዚህ ሒሳቦች እጅግ የታወቀው «አፓቺ ሁለት» የሚባለው ሲሆን፣ አሜሪካዊው ሐኪም ዊልያም ናውስ ከባልደረቦቹ ጋር ከ13 ሆስፒታሎች የተሰበሰበ 5,815 የጽኑ ሕሙማን መዝገብ መርምሮ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1985 ያወጣው ነው። አሠራሩም፣ ሕሙሙ በገባ በመጀመሪያው 24 ሰዓት ውስጥ ሙቀቱ፣ የደም ግፊቱ፣ ትንፋሹ፣ የኩላሊቱ ሥራና ይህን የመሰለው ሁሉ፣ በጠቅላላው 12 ነገር ተለክቶ፣ ከጤና ወሰን እጅግ ርቆ ለተገኘው ልክ ነጥብ ይሰጥና፣ ዕድሜና የቆየ ደዌ ታክሎበት እስከ 71 ይደመራል፤ ድምሩ በበዛ መጠን ሞት እንደቀረበ ይገመታል። ከ12ቱ አንዱ ንቃተ ኅሊና ነው፤ ይኸውም በ1974 በግላስጎው ከተማ በተሠራው መስፈርት፣ ሕሙሙ ዐይኑን በምን እንደሚገልጥ፣ ሲጠይቁት ምን እንደሚመልስ፣ ሲያዙት ወይም ሲያሳምሙት እንዴት እንደሚንቀሳቀስ ታይቶ ከ3 እስከ 15 የሚሰጥ ነው። እኔ ከሁሉ ይህን አደንቃለሁ፤ መሣሪያ ሳይሻ በአስተዋይ ነርስ ዐይንና ጆሮ ብቻ ይፈጸማልና።

በሌላ አገር የተቀመረ ቁጥር ወደ ደጋ ሲወጣ ግን ይናወጣል። ላሊበላ ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው፤ ስለዚህም የሳንባ ሕመምን ክብደት የሚወስነው የ2012 የበርሊን ስምምነት ከ1,000 ሜትር በላይ የኦክስጂኑ ልክ በግፊቱ መጠን ይታረም ብሎ አዝዟል። የሚያስገርመው ደግሞ፣ ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ በ2002 ባሳተሙት ጥናት፣ በሰሜን ተራሮች በ3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩት ደገኞች በደማቸው ያለው ኦክስጂን ከቆላ ሰው እምብዛም ያላነሰ ሆኖ መገኘቱ ነው። እንግዲህ የደጋውን አየር ያላሰበ ሒሳብ እንደሚሳሳት ሁሉ፣ አየሩን ብቻ አስቦ ሰውየውን የዘነጋም ይሳሳታል።

የላቦራቶሪው ውጤት በሚዘገይበት ሆስፒታል ደግሞ 12ቱን መሙላት ራሱ ጭንቅ ነው። በሩዋንዳ ሁለት የመንግሥት ሆስፒታሎች ተጠንቶ በ2016 የወጣው ሒሳብ በአምስት ነገር ብቻ ረክቷል፤ በዕድሜ፣ በልብ ትርታ፣ በንቃተ ኅሊና፣ በኢንፌክሽን መኖርና በደም ግፊት መውደቅ። ለእኛ አገር የሚቀርበው ይህ ይመስለኛል።

ሒሳቡ «ከመቶ ሃምሳው ይሞታሉ» ሲል የሚናገረው እንዲህ ስላሉ መቶ ሕሙማን እንጂ በአልጋው ላይ ስለተኛው ስለ አንዱ አይደለም። ስለዚህም ይሞታሉ ከተባሉት ስንቱ እንደዳኑ፣ ይድናሉ ከተባሉትም ስንቱ እንደሞቱ አመሳክሮ የክፍሉን አገልግሎት ለመመዘን ይበጃል፤ የመተንፈሻውን መሣሪያ ከአንዱ ነቅሎ ለሌላው ለመስጠት ብቻውን ዳኛ ሲሆን ግን ያስፈራል፤ መሣሪያው የተነቀለበት ሰው አብዛኛውን ጊዜ ይሞታልና፣ ያ ሞት ተመልሶ ለቁጥሩ ምስክር ይሆናል።

ደግሞም በአገራችን ተስፋ የተቆረጠለትን ሕሙም አስታማሚዎቹ ፈርመው ይዘውት የሚሄዱበት ጊዜ አለ፤ በቤቱ ነፍሱ እንድትወጣና በአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን ከአባቶቹ ጎን እንዲያርፍ ነው። ቀባሪው ለቅሶ ተቀምጦ፣ ተዝካሩም ወጥቶ ሳለ፣ በሆስፒታሉ መዝገብ ላይ ግን «በራሱ ፈቃድ ወጥቷል» ተብሎ ይቀራል፤ ሒሳብ ሠሪውም በሕያዋን ይቈጥረዋል።