የተቀበረ ብረት ብቻውን አያድንም
ባለሞተር ብየዳ ማሽንን በእርሻ ቦታ በጥንቃቄ ስለማሠራት

በመኸር አዝመራ መሰብሰቢያ ወቅት ወደ ፎገራ ሜዳ ጎራ ያለ ሰው የሚያየው ነገር የተለመደ ነው። የሩዝ መውቂያ ማሽን በሥራ መሃል ይቆማል፤ ወንፊቱን የያዘው ብረት ተሰንጥቋል። እህሉ ተከምሯል፤ ተራ የሚጠብቀው አርሶ አደርም ብዙ ነው። በአቅራቢያው የኤሌክትሪክ መስመር ስለሌለ ከከተማ በያጅ ይጠራል። በያጁ ባለሞተር የብየዳ ማሽኑን በባጃጅ ወይም በጋሪ ጭኖ ይደርሳል። ሁሉም ስለቸኮለ ማሽኑ ከጭድ ክምሩ አጠገብ ይወርዳል፤ ሞተሩ ይነሳል፤ ብየዳውም ይጀመራል።

ብዙ ጊዜ ሥራው በሰላም ያልቃል። ችግሩም ይኸው ነው። በሰላም ማለቁ አሠራሩ ትክክል የነበረ ያስመስለዋል። አንድ ቀን ግን አፈሩ ይረጥባል፤ አንድ ገመድ ይላጣል፤ ወይም ነፋሱ አቅጣጫ ይቀይራል። ያን ጊዜ ለመውቂያ ማሽን ጥገና የመጣው መሣሪያ የሰው ሕይወት ሊያጠፋ ወይም የዓመት ምርት ሊያቃጥል ይችላል።

ማሽኑ ሁለት ሥራ አጣምሮ ይሠራል። በቤንዚን ወይም በናፍጣ የሚሠራው ሞተር ዲናሞውን ያሽከረክራል። ከዲናሞው በአንድ በኩል ለብየዳ የሚሆን ዝቅተኛ ቮልትና ብዙ አምፔር ያለው ኤሌክትሪክ ይወጣል። በሌላ በኩል ደግሞ ለድሪል፣ ለግራይንደርና ለመብራት የሚያገለግል 220 ቮልት አለው። ስለዚህ መሣሪያው የብየዳ ማሽን ብቻ ሳይሆን ጄነሬተርም ነው። በያጁ የመጀመሪያውን በሚገባ ቢያውቅም ሁለተኛውን ይዘነጋል።

ከሁሉ በፊት ቦታው

ማሽኑ ምንጊዜም ከቤት ውጭ፣ በደረቅና ደልዳላ መሬት ላይ መቀመጥ አለበት። ሞተሩ ሲሠራ ስለሚንቀጠቀጥ ባለ ጎማ ማሽን በድንጋይ ወይም በጉማጅ እንጨት ይደገፋል። የጭስ ማውጫው ሰዎች ወዳሉበት፣ ወደ ቤት ወይም ወደ ክምር መዞር የለበትም።

ዝናብ ሲመጣ ማሽኑን ወደ እህል መጋዘን ወይም ወደ በረት ማስገባት አደገኛ ስህተት ነው። በሞተሩ ጭስ ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ መርዛማ ጋዝ አለ። ጋዙ ቀለምም ሽታም የለውም። ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ያስከትላል፤ ከዚያም ራስን ያስታል፤ ይገድላልም። በርና መስኮት መክፈት በቂ መከላከያ አይደለም። ማሽኑ ከማንኛውም ቤት በርና መስኮት ቢያንስ 6 ሜትር መራቅ አለበት። ዝናብ ከጣለ የሚሻለው ሞተሩን አጥፍቶ መጠበቅ ነው።

አንድ ስም፣ ሦስት ሥራ

በኤሌክትሪኩ በኩል መደናገሩ የሚጀምረው ከስሙ ነው። በያጁ ከሚበየደው ብረት ጋር የሚያያዘውን መቆንጠጫ ግራውንድ ይለዋል። መሬት ውስጥ የሚቀበረው ዘንግም ግራውንድ ይባላል። በማከፋፈያ ገመድ ውስጥ ያለው አረንጓዴና ቢጫ ሽቦም እንዲሁ። የሦስቱ ሥራ ግን ለየቅል ነው።

መቆንጠጫው የብየዳው ኤሌክትሪክ ወደ ማሽኑ የሚመለስበት መንገድ ነው። ያለ እሱ ብየዳ የለም። ሰውን ከ220 ቮልት አደጋ ለመጠበቅ ግን አልተሠራም።

ሦስተኛው ሽቦ የግራይንደሩን ወይም የድሪሉን የብረት አካል ከማሽኑ አካል ጋር ያገናኛል። የግራይንደሩ ውስጣዊ ሽቦ ተልጦ አካሉን ቢነካ፣ ኤሌክትሪኩ በዚህ ሽቦ አድርጎ ወደ ዲናሞው ይመለሳል። ኒውትራሉ ከማሽኑ አካል ጋር የተያያዘ ከሆነ መንገዱ ጥሩ ስለሆነ ብዙ አምፔር ይሄዳል፤ ብሬከሩም ወዲያው ይወድቃል። በየቦታው የምናያቸው ባለ ሁለት ሽቦ ማከፋፈያዎችና በስፒናው ጎን ያለው የመሬት ብረት የተነቀለባቸው ገመዶች ይህን መንገድ ይዘጉታል። ያን ጊዜ ለኤሌክትሪኩ መመለሻ ሆኖ የሚቀረው የሠራተኛው አካል ሊሆን ይችላል።

የተቀበረው ዘንግ ደግሞ የማሽኑን አካል ከመሬት ጋር ያስተካክላል። ብዙ ሰው ግን ብረት ከቀበረ ሁሉም ነገር የተጠበቀ ይመስለዋል። ነገሩን በቁጥር ማየት ይጠቅማል። በደረቅ መሬት ውስጥ የተተከለ አጭር ብረት 100 ኦም ተቃውሞ አለው እንበል። 220 ቮልት በዚህ ብረት በኩል ወደ መሬት ቢፈስ የሚያልፈው 2.2 አምፔር ብቻ ነው። 16 አምፔር የሚለው ብሬከር በዚህ አይወድቅም። የሰውን ልብ ለማወክ ግን በሚሊ አምፔር የሚቆጠር ኤሌክትሪክ ይበቃል። ስለዚህ ዘንጉ የሦስተኛውን ሽቦ ቦታ ሊተካ አይችልም።

ኤሌክትሪክ ሲያፈተልክ በ30 ሚሊ አምፔር የሚያቋርጠው አርሲዲ የተባለው መቁረጫ የተሻለ ጥበቃ ይሰጣል። እዚህም ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። በአንዳንድ ማሽኖች ኒውትራሉ ከማሽኑ አካል ጋር አልተያያዘም። እንዲህ ባለው ማሽን ላይ የአርሲዲው መፈተሻ ቁልፍ ሲጫን ይሠራል፤ እውነተኛ ብልሽት ሲመጣ ግን ላይቋረጥ ይችላል። የማሽኑ ኒውትራል የተያያዘ መሆን አለመሆኑን ከመመሪያው ወይም ከኤሌክትሪክ ባለሙያ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። በግምት ሽቦ ማገናኘት ግን ሌላ አደጋ ያመጣል።

ዘንጉ መቼ ያስፈልጋል?

ማሽኑ በራሱ ሶኬት ላይ በተሰኩ መሣሪያዎች ብቻ የሚሠራ ከሆነ፣ ሦስተኛው ሽቦ ጤነኛ እስከሆነና ከማሽኑ አካል ጋር እስከተያያዘ ድረስ፣ የአንዳንድ አገሮች ደንብ ዘንግ መትከልን አያስገድድም። ብዙ አምራቾች ግን በመመሪያቸው ዘንግ እንዲተከል ያዝዛሉ። መመሪያው ካዘዘ መትከል ግዴታ ነው። ከሕንፃ መስመር ጋር የሚገናኝ ማሽን ደግሞ ያለ ዘንግ መሥራት የለበትም።

ሲተከል በአግባቡ መሆን አለበት። በሰፊው የሚታወቀው ዘንግ መዳብ የተለበጠ፣ 2.4 ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው ነው። ማሽኑ ላይ የመሬት ምልክት ካለበት ብሎን ጋር ከ10 ስኩዌር ሚሊ ሜትር ባላነሰ የመዳብ ገመድ ይታሰራል። የሚታሰርበት ቦታ ከቀለምና ከዝገት የጸዳ መሆን አለበት።

እንደ ፎገራ ያለው ጥቁር አፈር የራሱ ጠባይ አለው። በክረምት ይጨቀያል፤ በበጋ ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል። ስንጥቁ ዘንጉን ከአፈሩ ስለሚያላቅቀው በክረምት ጥሩ የነበረው በበጋ ይዳከማል። ዘንጉን በስንጥቅ ላይ አለመትከል፣ ዙሪያውን መጠቅጠቅና ውኃ ማፍሰስ ይረዳል።

ማሽኑ በፒክአፕ ላይ ተጭኖ የሚሠራ ከሆነ አካሉ ከመኪናው ሻንሲ ጋር በገመድ መያያዝ አለበት። ከሥሩ የተነጠፈ ጎማ ወይም ቀለም ሁለቱን ሊለያያቸው ይችላል።

መቆንጠጫው ከብየዳው አጠገብ

መቆንጠጫውን በተመቸ ቦታ ሁሉ ማሰር ማሽን ያበላሻል። የብየዳው ኤሌክትሪክ ከመቆንጠጫው እስከ ብየዳው ያለውን ብረት ሁሉ እየነካ ያልፋል። የመውቂያው እግር እየተበየደ መቆንጠጫው ከበሮው ላይ ከታሰረ፣ ኤሌክትሪኩ በኩሽኔታው ውስጥ አድርጎ ኳሶቹን ይፈጃቸዋል። ኩሽኔታው ዛሬ ሳይሆን ከሳምንታት በኋላ ይሰበራል፤ ምክንያቱም ሳይታወቅ ይቀራል። በኮምባይነር ላይ ደግሞ የባትሪው ገመድ ሳይፈታ የሚደረግ ብየዳ የኤሌክትሮኒክስ ክፍሉን ሊያቃጥል ይችላል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ መቆንጠጫው በዚያው በሚበየደው ቁራጭ ላይ፣ ለብየዳው በጣም በቀረበ ንጹሕ ብረት ላይ ይታሰራል።

የኤሌክትሮድ መያዣውም ሥራ በሌለበት ጊዜ እስከ 80 ቮልት ገደማ ሊኖረው ይችላል። ውኃ በጠጣ ማሳ ላይ ተንበርክኮ፣ በላብ በረጠበ ጓንት ለሚሠራ ሰው ይህ ትንሽ አይደለም። ደረቅ ጓንት፣ ያልተቀደደ ጫማና ከሥር የሚነጠፍ ደረቅ ጣውላ ያስፈልጋል።

ከቤት መስመር ጋር ማገናኘት

መብራት ሲጠፋ የማሽኑን 220 ቮልት በሶኬት በኩል ወደ ቤት ወይም ወደ ወፍጮ ቤት መስመር የሚያስገቡ አሉ። ኤሌክትሪኩ በቆጣሪው አልፎ ወደ ትራንስፎርመሩ ሊደርስ ይችላል፤ በዚያም ተገልብጦ ወደ 15 ሺህ ወይም 33 ሺህ ቮልት ያድጋል። መብራት ጠፍቷል ብሎ ምሰሶ ላይ የወጣው የመስመር ሠራተኛ የሚሞተው እንዲህ ነው። ሁለቱን ምንጮች ፈጽሞ የማያገናኝ ቼንጅ ኦቨር ማብሪያ በኤሌክትሪክ ባለሙያ ሳይገጠም ይህን ማድረግ አይገባም።

ነዳጅና እሳት

ነዳጅ የሚጨመረው ሞተሩ ጠፍቶ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው። ታንከሩ እስከ አፉ አይሞላም፤ ጀሪካኑም ተከድኖ ከብየዳው ይርቃል። የብየዳ ፍንጣሪ እስከ 11 ሜትር ሊደርስ ስለሚችል በዚህ ርቀት ያለው ጭድና ገለባ መጠረግ አለበት። ክምሩ የማይነሳ ከሆነ የሚበየደው ማሽን መነሳት አለበት። በውኃ የተሞላ የጀርባ መርጫ ለጭድ እሳት ፈጣን መሣሪያ ነው፤ ነገር ግን ፀረ አረም የተያዘበት መሆን የለበትም። በኤሌክትሪክ ማሽኑ ወይም በነዳጅ ላይ ለተነሳ እሳት ደግሞ ውኃ ሳይሆን የዱቄት ማጥፊያ ወይም አሸዋ ይጠቀሙ። ብየዳው ካለቀ በኋላም አንድ ሰው ቢያንስ ለአንድ ሰዓት ቦታውን መጠበቅ አለበት፤ ጭድ ውስጥ የገባ ፍም ዘግይቶ ይነሳል።

ረዳቱም የሞተሩን ማጥፊያ ማወቅ አለበት። ኤሌክትሪክ የያዘውን ሰው በእጅ መጎተት ሁለተኛ ሟች ይጨምራል። መጀመሪያ ሞተሩ ይጠፋል፤ ከዚያ ሰውየው ይነሳል።

ከወረዳ ምን ይጠበቃል?

ኅብረት ሥራ ማኅበራትና በብረታ ብረት ሥራ የተደራጁ ወጣቶች እነዚህን ማሽኖች ሲገዙ የሚታየው በአብዛኛው ዋጋውና የአምፔር መጠኑ ነው። በግዥ ዝርዝሩ ላይ አርሲዲ፣ የኒውትራሉ አያያዝ፣ ባለ ሦስት ሽቦ ማከፋፈያና የአጠቃቀም መመሪያ ቢካተቱ የሚጨምረው ወጪ ከማሽኑ ዋጋ አንጻር ጥቂት ነው። የሜካናይዜሽን ባለሙያዎችና የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ከመኸር በፊት ለበያጆች የአንድ ቀን የተግባር ሥልጠና ማዘጋጀት አይከብዳቸውም። ለወፍጮ ቤትና ለመጋዘን በቋሚነት የተተከለ ዘንግ ካለም በበጋ፣ አፈሩ በደረቀበት ወቅት፣ በመለኪያ መሣሪያ ቢፈተሽ ትክክለኛ አቅሙ ይታወቃል።

አርሶ አደሩም የሚጠራውን በያጅ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ሦስት ነገር ሊጠይቀው ይችላል። ማሽኑ ከክምሩና ከቤቱ ርቋል? የማከፋፈያው ሦስተኛ ሽቦ ደህና ነው? መቆንጠጫውስ የት ታስሯል? ጥያቄዎቹ ከሞተሩ ማስነሻ ገመድ በፊት ቢቀድሙ የሚባክነው አምስት ደቂቃ ነው። አበው ሳይቃጠል በቅጠል ያሉትም ይህንኑ ነው።