የእማማ ዳሌ ሲሰበር ደማቸው የሚናገረው

በዕድሜ የገፉ እናት ወይም አያት ያሉበት ቤት ይህን አደጋ ያውቀዋል። ሌሊት ለሽንት ሲነሡ ነጠላቸው እግራቸውን ይጠልፋቸዋል፤ ወይም ታጥቦ ያልደረቀ ሲሚንቶ ያንሸራትታቸዋል። አወዳደቃቸው ቀላል ይመስላል፤ መነሣት ግን ያቅታቸዋል። የተጎዳው እግር አጥሮና ወደ ውጭ ዞሮ ከታየ ዳሌያቸው ሳይሰበር አልቀረም።

ሆስፒታል ሲደርሱ ከራጁ ጋር ደም ይቀዳል። ቤተሰብም የተሰበረው አጥንት ሆኖ ሳለ የደም ምርመራው ምን እንደሚያደርግ ግራ ይገባዋል። ምክንያቱ ከባድ ነው። ዳሌያቸው ከተሰበረ አዛውንት መካከል ከአምስቱ አንዱ ያህል፣ አንዳንድ ቦታም ከዚያ በላይ፣ ዓመት ሳይሞላው ይሞታል። ለሞት የሚያበቃውም ብዙውን ጊዜ የሳንባ ምች፣ የልብ ድካም፣ የደም መርጋትና ቀድሞውንም የተዳከመ ሰውነት ነው። ደሙ የሚመረመረው ይህ ሰውነት ምን ያህል አቅም እንደቀረው ለማወቅ ነው።

ሄሞግሎቢን ኦክሲጅን የሚሸከመው የቀይ ደም ሕዋስ ክፍል ነው። በሴቶች በ100 ሚሊ ሊትር ደም ከ12 ግራም በታች ሲሆን ደም ማነስ ይባላል። ስብራቱ ከዳሌው መጋጠሚያ ውጭ ከሆነ በጭን ውስጥ የሚፈሰው ደም ከአንድ ሊትር ሊበልጥ ይችላል፤ በውጭ ግን አንዲት ጠብታ አትታይም። እንደወደቁ የተቀዳው ደም ገና ስላልቀጠነ ቁጥሩ ደህና መስሎ ይገኛል። በማግሥቱ እንደገና የሚለካው ስለዚህ ነውና አስታማሚዎች «ትናንት ቀድታችሁ የለም ወይ?» ብለው ባይቆጡ መልካም ነው።

አልቡሚን ደግሞ ጉበት የሚሠራው ፕሮቲን ነው። ከ3.5 ግራም በታች የወረደባቸው ሕሙማን የመዳን ተስፋቸው እንደሚቀንስ ብዙ ጥናቶች አሳይተዋል። በደም ውስጥ ለሳምንታት የሚቆይ በመሆኑ፣ በወደቁበት ዕለት ዝቅ ብሎ ከተገኘ የሚናገረው ከዚያ በፊት ስለነበረው ድካም ነው። ጥፋቱ የምግብ ማነስ ብቻ ነው ማለት ግን አይደለም፤ ቆይቶ የከረመ ሕመምና የሰውነት መቆጣትም ያወርደዋል።

የኩላሊትን ሥራ የሚያሳየው ክሬያቲኒን ከፍ ማለቱም ጥሩ ምልክት አይደለም። አንዳንዴ መንስኤው የውኃ ጥማት ነው። ብዙ እናቶች «ፖፖ አምጡ እያልኩ ልጆቹን ላስቸግር?» በማለት ውኃ አይጠጡም። ይህን ሐኪሙ ላያውቅ ይችላል፤ ልጃቸው ግን ታውቃለች።

እነዚህ ቁጥሮች ፍርድ አይደሉም። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2008 በእንግሊዝ አገር ኖቲንግሃም የወጣው የነጥብ አሰጣጥ ዕድሜን፣ ጾታን፣ የማስታወስ ችሎታን፣ ተደራቢ በሽታን የመሳሰሉትን ደምሮ ከ10 ነጥብ ያሰላል፤ ከ10 ግራም ያልበለጠ ሄሞግሎቢን የሚያስጨምረው አንድ ነጥብ ብቻ ነው። ወንድ መሆንም አንድ ነጥብ ያስጨምራል! ዳሌያቸው የሚሰበረው በብዛት ሴቶች ሲሆኑ፣ ከስብራቱ በኋላ ቶሎ የሚሞቱት ግን ወንዶች ናቸው።

ቀኑም አይባክን። ወጌሻ በሌላ ነገር የተመሰገነ ቢሆንም የተሰበረ ዳሌ በመታሸት አይገጥምም። በእንግሊዝ አገር መመሪያው ኦፕራሲዮኑ በገቡበት ቀን ወይም በማግሥቱ እንዲደረግ ያዛል።

ለእኛ ለሴቶች ይበልጥ የሚገባን ሥራ የተሠራው በዌልስ፣ በካርዲፍ ከተማ ነው። በ2006 በታተመው በዚህ ጥናት ዳሌያቸው ከተሰበረ ከ300 በላይ ሴቶች መካከል ለከፊሎቹ የምግብ ረዳቶች ተመደቡላቸው። ረዳቶቹ ሐኪሞች አይደሉም፤ ሥራቸው የሚወዱትን ምግብ መጠየቅ፣ አቀማመጣቸውን ማስተካከልና ማጉረስ ነበር። በአራት ወር ውስጥ የተለመደውን እንክብካቤ ካገኙት 23 ከመቶ ያህሉ ሲሞቱ፣ ረዳት ከነበራቸው የሞቱት 13 ከመቶ ያህሉ ናቸው። አንድ ጥናት ሁሉን አይወስንም፤ ሆኖም ከብዙ ውድ መድኃኒት ይልቅ ይህን ማመን ይቀለኛል።

በእኛ ሆስፒታሎች ይህን ሥራ የሚሠራው አስታማሚ ነው። በፔርሙዝ የምናመላልሰው አጥሚት ብቻውን ገንቢ አይደለም፤ በወተት ይሠራ፣ የተቀቀለ እንቁላልም ይታከልበት። ጾም ነው ብለው ለሚገፉ እናት ምስር፣ ሽሮና የተፈጨ ለውዝ አለ። የስኳር ወይም የኩላሊት ሕመም ካለባቸው ግን መጠኑን ሐኪሙ ይንገራችሁ። ፋብሪካ ወይም ቢሮ የምትውሉ እኅቶች የምሳውን ሰዓት በየተራ ተካፈሉት። ጠያቂ በበዛበት ቀን ሁሉም ሲያወራ ምሳው ይቀዘቅዛልና፣ ከጠያቂዎቹ አንዷ እጇን ታጥባ ታጉርሳቸው።