የጎርፍ መከላከያ ግድብና የግርጌ ነዋሪዎች ስጋት፦ ከዴርና የምንማረው


የኃይል ማመንጫ ግድብ የሚጠቅመው ውሃ ሲይዝ ነው፤ የጎርፍ መከላከያ ግድብ ግን የሚጠቅመው ባዶ ቦታ ሲኖረው ነው። ድንገተኛውን ውሃ በዚያ ቦታ ተቀብሎ ቀስ በቀስ ይለቀዋል። ሆኖም ቦታው ልክ አለው። ስለዚህ ግድብ ጎርፍን ፈጽሞ አያጠፋም፤ አዘውትሮ የሚመጣውን መለስተኛ ጎርፍ ያስቀራል እንጂ፣ ከልኩ በላይ የሆነው ብርቱ ጎርፍ ስጋትነቱ አይቀርም። ለዚህ የሊቢያዋ ዴርና ምስክር ናት።

ዴርና በሜዲትራኒያን ባሕር ዳርቻ፣ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ በሆነ ሸለቆ አፍ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከከተማይቱ በላይ ሁለት ግድቦች ተሠሩ፤ የላይኛው 22.5 ሚሊዮን፣ የታችኛው 1.5 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ የሚይዙ ነበሩ። የ1986ቱን ጎርፍ ተቋቋሙ። በ1998 ግን ስንጥቅ እንዳለባቸው ታወቀ። በ2007 የጥገና ውል ቢፈረምም፣ ሥራው በ2011 በአገሪቱ ቀውስ ምክንያት ተቋረጠ።

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 10 ቀን 2023 «ዳንኤል» የተባለው ማዕበል ደረሰ። በአካባቢው በምትገኘው በአል በይዳ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ400 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ተመዘገበ። በዚያው ሌሊት የላይኛው ግድብ ሲደረመስ፣ የእርሱን አንድ አሥራ አምስተኛ ብቻ የሚይዘው የታችኛው ግድብ ሊያቆመው አልቻለም። ውሃው የከተማይቱን እምብርት ጠርጎ ወደ ባሕር ወሰደው፤ ሕዝቡም በሺዎች አለቀ። ለነዋሪው የተላለፉት ትእዛዞች እርስ በርሳቸው ይጋጩ ነበር፦ ከፊሉ ውጡ ሲል፣ ከፊሉ ከቤት አትውጡ ይል ነበር።

ከዚህ ሦስት ቁም ነገሮች እንጨብጣለን። አንደኛ፣ ፍተሻና ጥገና የግድቡ አካል እንጂ ተጨማሪ ወጪ አይደለም። ሁለተኛ፣ ግድቡ ቢሰበር ውሃው የት፣ በስንት ጊዜ እንደሚደርስ የሚያሳይ ካርታ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ በነዋሪው ዘንድ መታወቅ አለበት። ሦስተኛ፣ ማስጠንቀቂያው የሚነገርበት አንደበት አንድ ይሁን።

ግድብ ከበላይ ሲቆም ከግርጌ ያለው ሰው ይተማመናል፤ በደረቁ የውሃ መንገድ ላይም ቤት ይሠራል። መሐንዲሱ የዚያን እምነት ዕዳ ጭምር እንደተሸከመ ሊዘነጋ አይገባም።