ያውቁ ኖሯል? ማዳበሪያ ያራገፈ መርከብ ባዶውን አይመለስም

ለዳባትና ለደባርቅ ገበሬ የሚደርሰው ማዳበሪያ ከመርከብ የሚራገፈው ጅቡቲ ላይ ነው። ጭነቱ የወረደለት መርከብ ስለሚቀልና ማዕበል ስለሚያንገላታው፣ ሚዛኑን የሚጠብቅበትን የባሕር ውሃ ከወደቡ ወደ ታንኮቹ ይስባል።

● አብሮ ተሳፋሪ፦ ከውሃው ጋር የዓሣ እንቁላል፣ እጭ፣ አልጌና ባክቴሪያ ይገባሉ። መርከቡ ሌላ ወደብ ላይ ዕቃ ሲጭን ውሃውን ከነነፍሳቱ ይደፋዋል።

● ጥፋቱ፦ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ከአሜሪካ የአትላንቲክ ጠረፍ በዚህ መንገድ ጥቁር ባሕር የገባ ጄሊ መሰል እንስሳ፣ የዓሣ እንቁላልና የዓሣ ምግብ እየበላ ተራባ። ለአንቾቪ ዓሣ ምርት ማሽቆልቆልም አንዱ ምክንያት ሆነ።

● ሕጉ፦ እ.ኤ.አ. በ2004 የጸደቀው ዓለም አቀፍ ስምምነት ከሴፕቴምበር 8 ቀን 2017 ጀምሮ ይሠራል። መርከቦች ውሃውን ከመድፋታቸው በፊት በማጣሪያ፣ በአልትራቫዮሌት ጨረር ወይም በኬሚካል እንዲያክሙት ያስገድዳል።

● ጣናስ? ከባሕር የሚመጣ መርከብ ጎርጎራ አይደርስም፤ መጤ ግን ገብቷል። የደቡብ አሜሪካው እምቦጭ በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1965 ቆቃ ላይ፣ በ2011 ደግሞ ጣና ላይ ታወቀ። ደንቢያና ጎንደር ዙሪያ ክፉኛ ከተጎዱት ወረዳዎች ናቸው። ተነቅሎ ዳር ላይ የተተወ እምቦጭ ውሃው ሲሞላ ተመልሶ ይንሳፈፋል፤ ዘሩም ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል። ስለዚህ ነቃዮች አረሙን ከማበቡ በፊት አውጥተው ከዳርቻው ማራቅ አለባቸው።